ሦስተኛው ጥያቄ

ሃይማኖት ጥያቄዋን አራት ቀን ሙሉ ስትለማመደው ሰነበተች። ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ በምትሠራበት ምግብ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍም ሳህን ስታጥብም ቃላቱን በልቧ ትደረድራለች። አልቆረጥ ያላት «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ» የሚለው ብቻ ነበር። ሰውዬው የምክር ቤት ዕጩ ነው። በዚያ ላይ ባሏ ነው።

ባሏ ነው ወይስ ነበር? መከራዋም ይኸው ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይትባረክ የሕግ ተማሪ ሳለ ለመስቀል ወደ አገሩ ቸሃ መጣና በሁለቱ አባቶች ስምምነት ተዳሩ። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እሷ ሁለት ዓመት ከእናቱ ጋር እንሰት ስትፍቅና ላም ስታልብ ቆየች። በሦስተኛው መስቀል እሱ ቀርቶ ወሬው መጣ፤ ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ ሌላ አግብቷል። ሃይማኖት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ አባቷ ቤት ገባች። ያኔ ብዙም አላለቀሰች። ለቅሶው የመጣው ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ሲገኝ ነው።

በአገሩ ልማድ ባል በሽማግሌ ፊት «ለቅቄያታለሁ» ካላለ ሴቲቱ እንደታሰረች ትቀራለች። አንቂት ይሉታል። ሳትለቀቅ ካገባች እርግማኑ እሷንም አዲሱን ባሏንም ይከተላል ይባላል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከችበት። ይትባረክ ሽማግሌዎቹን ምሳ ጋብዞ «እኔ በዚህ ነገር አላምንም፤ ነፃ ናት በሏት» ብሎ ሸኛቸው።

አሁን ደግሞ ፈቃደ አለ። ፈቃደ ጉብሬ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ሦስት ዓመት ጠብቋታል። እሱ ግድ የለውም፤ እንቢ ያሉት እናቱ ናቸው። ታላቅ ልጃቸው ያልተለቀቀች ሴት አግብቶ ዓመት ሳይሞላው በመኪና አደጋ ሞተ። «አንዱን ቀብሬያለሁ፣ አንተን አልቀብርም» ይሉታል። ሃይማኖት አትፈርድባቸውም። ይትባረክ አንዲት ቃል ከተናገረ እንደሚቀበሏት ምለውላታል። ካልሆነ ግን ዘመዶቹ አረቅጥ ከተማ ያዩለትን ልጅ ከፋሲካ በኋላ ያገባል።

ቅዳሜ ወልቂጤ፣ ዕጩው ከመራጮች ጋር የሚገናኝበት አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ይትባረክ ትንሽ ወፍሯል፤ ፀጉሩም ከፊት ሸሽቷል። ድምፁ ግን ያው ነው። መድረክ መሪው ደረጄ፣ ጥያቄ ሦስት ሦስት እየተደረገ እንደሚቀርብና ዕጩው ጠቅልለው እንደሚመልሱ ተናገረ።

አንድ ሽማግሌ ስለ ውሃ ጠየቁ። ቧንቧቸው በወር ሁለቴ እንደሚያስነጥስና ከዚያ እንደሚተኛ ሲናገሩ አዳራሹ ሳቀ። አንድ ወጣት ስለ ሥራ ጠየቀ። ሦስተኛው ማይክ ሃይማኖት እጅ ገባ።

ይትባረክ ወዲያው አወቃት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስለ ሴቶች መብት ሲናገሩ ሰማሁ» አለች። «እርስዎ» ማለቱን አፏ ራሱ መረጠ። «ባሏ ትቷት ሄዶ፣ ሌላ አግብቶ፣ እሷን ግን ያልለቀቃት ሴት ምን ይደረግላታል? ሩቅ አልሄድኩም። ያቺ ሴት እኔ ነኝ፤ ባልየው እርስዎ ነዎት። እዚህ ሽማግሌዎች አሉ። ለቅቄያታለሁ ይበሉና ልሂድ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ በሕግ!» ሲል ተሰማ። ብዙ ስልኮች ወደ መድረኩ ተነሡ።

ይትባረክ በውሃው ጀመረ። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የፓምፑን ጉልበት ዘረዘረ። ከዚያ ሥራን መለሰ። ሃይማኖት ቆማ ጠበቀች፤ ተቀመጪ ያላት አልነበረም።

«ሦስተኛው ጥያቄ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔን የሚመለከት ነው። አልክድም። ልጆች ነበርን። እህቴን በድያለሁ፤ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

አሁን ይለዋል፣ አለች ሃይማኖት በልቧ።

«የጠየቀችኝን ቃል ግን አልናገርም። ምክንያቱም አላሰርኳትም። ሴት ልጅ በባሏ አፍ የምትታሰርና የምትፈታ ንብረት አይደለችም። ዛሬ እኔ ለቅቄያታለሁ ካልኩ፣ የማሰር ሥልጣን ነበረኝ ማለቴ ነው። እምነቴን ለድምፅ ብዬ አልሸጥም።»

ከፊት ረድፍ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተነሡ። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ የተላኩት እሳቸው ነበሩ።

«ይትባረክ ልጄ፣ ጨዋ ነገር ተናገርክ። እሷ ግን ንግግር አይደለም የፈለገችው። አንዲት ቃል ናት። ምን ትጎዳሃለች?»

«እኔንማ አትጎዳኝም፣ አባባ። ነገ ግን ሌላው ባል ተነሥቶ፣ ዕጩው እንኳ የለቀቀው ሥልጣኑ ስላለው ነው፣ እኔ ግን አልለቅም ይላል። የሱን ሚስት ማን ያስለቅቅልኛል? አንድ ሰው እዚህ ላይ መቆም አለበት።»

መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች አጨበጨቡ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ። አንዳንዶቹ ተነሥተው ቆሙ። ሃይማኖት እሱ በተናገረው ውስጥ ሐሰት ፈለገች፤ አጣች። ቢዋሽ ይሻላት ነበር፤ መልስ ትሰጠው ነበር። ማይኩን ለደረጄ መለሰችለት።

ዞር ስትል በሩ አጠገብ ፈቃደን አየችው። ያጨበጭብ ነበር።

ውጭ ግድግዳው ሥር ጠበቃት። «ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽ» አላት።

«አጨበጨብክ።»

«ሁሉም ሲያጨበጭብ እኮ…» ጥፍሩ ላይ የደረቀውን ኮላ መላጥ ጀመረ። «ደግሞ ያለው እውነት ነው፣ ሃይሚ። ማንም አላሰረሽም።»

«ለእናትህ እንደዚህ ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

አንድ ባጃጅ በፊታቸው አለፈ፤ ጣሪያው ላይ የይትባረክ ፎቶ ተለጥፎበታል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የነገርኳቸው ይኼንኑ ነው» አለ። «እሳቸው የሚያዩት ወንድሜን ብቻ ነው። ልቆጣቸው አልችልም።»

«እኔም ተቆጣቸው አላልኩህም።»

«ምናልባት ከምርጫው በኋላ ብቻውን ብናናግረው…»

«አይለውም፣ ፈቃደ። ዛሬ ያን ሁሉ ጭብጨባ ጠጥቶበታል፤ ከእንግዲህ ቢፈልግም አይችልም።» ከዚያ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር ለመጨረስ ብላ ፈጠን አለች። «የአረቅጧ ልጅ ጥሩ ናት ይላሉ። ደህና አድርገህ ያዛት። በል ሂድ፣ እናትህ ይጠብቁሃል።»

ፈቃደ እጇን ሊይዝ ፈልጎ ኮላው ትዝ አለውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሲጨርስ እሷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታዋለች። ሄደ።

እሷ የጉብሬ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ድረስ ሳበችው። ከፊት ለፊቷ ሁለት ከአዳራሹ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ጎልማሳና አንዲት ልጅ እግር መምህርት የምትመስል ሴት።

«እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም ነበር» አለ ሰውዬው። «ያቺ ሴትዮ ናት ያስወሰነችኝ። እሷ ባትጠይቀው እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን በምን እናውቅ ነበር? ድምፄ የሱ ነው።»

«የኔም» አለች ሴቲቱ። «እሷ ግን አሳዘነችኝ። ነፃ መሆኗን እንኳ አታውቅም።»

«ቀስ በቀስ ይገባታል።»

መኪናው ከተማውን ገና አልጨረሰም ነበር። የሃይማኖት ቤት ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም ገና አልበረደም።

«ወራጅ አለ» አለች።

ሰውዬው እንድታልፍ ጉልበቱን ሰበሰበላት። «ቀስ ብለሽ፣ እህቴ» አላት።