የማኅደረማርያም ድንጋይ

ድንጋዩ ሞረዱ ላይ እንዳለ ጠቅ አለ። ሱልጣና የሞረዱን ሞተር ወዲያው አጠፋችው፤ ግን ረፍዶ ነበር። ኦፓሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በሙጫ የተያዘበት እንጨት ላይ ቀረ፤ ግማሹ ከሞረዱ ሥር ያለው ድፍርስ ውሃ ውስጥ ወደቀ። እጇን ሰድዳ አወጣችውና መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በኪራይ ቤቷ ጓሮ በቆርቆሮ በተከለለች ጥግ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ መሞረድ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ብዙ ድንጋይ ተሰብሮባታል። ኦፓል ውስጡ ውሃ አለው፤ ከመሬት ሲወጣ ደህና መስሎ ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። ይህን ባለድንጋዮቹም ስለሚያውቁ አይቀየሟትም። የዛሬው ግን ከሁሉም ይለያል።

ድንጋዩን ያመጡት ከጣርማ በር ማዶ የመጡት ቄስ ገብረ ሕይወት ናቸው። ልጃቸው ማኅደረማርያም ኦፓል ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት ከሞተ አርባው ገና መውጣቱ ነው። አስከሬኑ ሲወጣ ይህን ድንጋይ ጨብጦ ነበር።

"ልሸጠው አይደለም" ብለዋት ነበር ባለፈው ሳምንት። "ልጄን ከእርሻው ነጥሎ ጉድጓድ ያስገባው ነገር ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው። እኔ ሳየው ድንጋይ ብቻ ነው።"

ዛሬ ረፋዱ ላይ እመጣለሁ ብለዋል።

ባሏ ጃፈር ከቤት ወደ ጓሮው ወጣ። እሱም ቆፋሪ ነበር፤ ማኅደረማርያምን ቆፍረው ካወጡት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ አልገባም። ስብርባሪውን ሲያይ ተመልሶ ገባና ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን፣ ተሞርዶ ያለቀ ኦፓል ይዞ መጣ።

"ይሄን ስጫቸው።"

"የልጃቸው አይደለማ!"

"አውቃለሁ። ሰውዬው ልጃቸውን ቀብረዋል። አሁን ደግሞ ድንጋዩም ተሰበረ ልትያቸው ነው? ከኛው ነው የምንሰጠው፤ ማንን በደልን?"

ነገሩ የምሕረት ሥራ መሰላት። ጃፈር ያመጣውን ድንጋይ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው።

ቄስ ገብረ ሕይወት ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደረሱ። ረቡዕ ነውና ውሃም አልቀመሱም። ጨርቁን ፈትተው ድንጋዩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ቀዩና አረንጓዴው ውስጥ ለውስጥ ሲላወስ አዩ።

"ለካ እሳት ነው የጨበጠው" አሉ ቀስ ብለው። "እናቱ 'ልጄ ምን አይቶ ቀረ?' እያለች ነው የምታነጋ። በክር አስሬ አንገቷ ላይ አደርግላታለሁ።" ድንጋዩን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ሳሙት።

ይህን ስታይ ሱልጣና አልቻለችም።

"አባ፣ ይሄ የልጅዎ አይደለም።"

ጃፈር ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ። እሷ ግን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ሁለቱን ስባሪም አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

ቄሱ ያማረውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው መለሱላት።

"ምነው ልጄ?"

"አሳዝነውኝ ነው፣ አባ።"

"ሁሉም አዝኖልኝ ነው። የልጅህን ፊት አትየው ብለው የከለከሉኝ አዝነውልኝ ነው። ተሠቃይቶ ይሆን ወይ ስላቸው፣ 'ኧረ ወዲያው ነው ያረፈ' ይሉኛል። ሲሉኝ ዓይናቸውን ይሰብራሉ።" ወደ ጃፈር ዞሩ። "አንተ እዚያው ነበርክ አሉ። ወዲያው ነው?"

ጃፈር ከቆርቆሮው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"አይደለም፣ አባ" አለ። "ጠዋት ነው የተናደው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ድምፁ ይሰማን ነበር። በእጃችንም በዶማም ቆፈርን፤ ወላሂ አልሰነፍንም። አፈሩ እየተናደ ይመለሳል።"

"ምን ይል ነበር?"

"'አባቴ ከመጣ ወደ ጠርዙ አታስጠጉት፣ ይናዳል' ይል ነበር። ደጋግሞ። ኋላ ላይ እሱንም ተወው።"

ሽማግሌው ግንባራቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው አለቀሱ። ጃፈርም አጠገባቸው ተቀምጦ አለቀሰ። ሱልጣና ሁለቱንም አላባበለቻቸውም።

ሲበቃቸው ቄስ ገብረ ሕይወት ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከስባሪዎቹ ተለቅ ያለውን አነሡ። አንድ ጎኑን አሁንም የጉድጓዱ አፈር አልለቀቀውም።

"ይሄን ጨርሽልኝ" አሏት። "ለእናቱ ሳላሳይ አላድርም።"

እጇ ወደ ሞተሩ ሄደና ቆመ። ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክራ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

"በእጄ ልሥራው፣ አባ፤ ሞተሩ ያግለዋል። ግን ብዙ ያስቆያል።"

"እጠብቃለሁ።"

"ቢስሚላህ" አለችና ድንጋዩን ማሸት ጀመረች።