ከእሱ በፊት የሚገባው ሽታ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰማዩ ከሌሊት ጀምሮ ደመና አርግዞ ገና አልተገላገለም።

መኪናው በመኪና ቤቱ ውስጥ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲበርድ ስላደረ እጄን ሳሳርፍበት እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ። ከጎኔ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ የአባቴ ጓደኛ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት መካኒክ ነበሩ። ሞተር ፈትተው በገጠሙ ቁጥር አንድ ብሎን ስለሚተርፋቸው ሰፈሩ «ጋሽ ትርፌ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ይላሉ።

«ወገቤ ጡረታ ወጥቷል» አሉኝ። «አፌ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትፈቻለሽ።»

ዘይቱ የሚፈስሰው ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ሥር ነው። በክዳኑና በሞተሩ መካከል ያለው ላስቲክ ደርቋል፤ ዘይቱ በኋላ ጥግ በኩል ይወጣል፤ ቁልቁል ወርዶ በጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ይንጠባጠባል፤ እዚያ ያርራል። ሽታው በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ መቀመጫዎቹ ይገባል። አባቴ ይህን አሥራ አንድ ዓመት ያውቅ ነበር። በየዓመቱ ክዳኑን ያነሣል፤ ሲሊኮን ይቀባል፤ መልሶ ያስራል። ሦስት ወር ያህል ይቆምለታል፤ ከዚያ ያው ነው። እናቴ «ይህ መኪና አንተን ነው የወጣው፤ ምክር አይገባውም» ትለው ነበር።

የሒሳብ መምህር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ከእሱ በፊት ሽታው ይገባል። ኮቱ፣ ፀጉሩ፣ ለማረም ይዞት የመጣው የተማሪዎች ደብተር ሳይቀር የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር። እናቴ በሩ ሳይከፈት፣ ከወጥ ቤት ሆና፣ «መጣህ?» ትላለች።

ከሞተ ሰባት ወሩ ነው።

በሦስተኛው ወር እናቴ መንገዱን አገኘችው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እሱ በሚመለስበት ሰዓት፣ ወደ መኪና ቤቱ ትገባለች። ሽታውን ነፋስ እንዳይነጥቃት ሁለቱን በሮች ትዘጋለች። በሾፌሩ ወንበር ሳይሆን በራሷ ቦታ፣ በስተቀኝ ትቀመጣለች፤ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ታዞራለች። ሞተሩ ሲግል ሽታው ይመጣል።

እኔ ሥራ ስለማመሽ አላወቅሁም ነበር። ራሴን ያመኛል ትለኝ ነበር፤ የዕድሜ ነው ትል ነበር። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመለስ በበሩ ሥር ጢስ ሲወጣ አየሁ። ግንባሯን በመስታወቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ቀለሙን ለውጧል። ጎትቼ አወጣኋት። ሣሩ ላይ አስተኝቼ ጮህሁ። ዓይኗን ስትገልጥ ተቆጣችኝ።

«አባትሽ ገና አሁን መግባቱ ነው። ምን ያስጮህሻል?»

ሐኪሙ «ሩብ ሰዓት ብትዘገዪ ኖሮ» አለኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ቁልፉን ደበቅሁ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ቁልፉን የደበቅሽው ከእኔ ነው ወይስ ከእሱ?» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁላት።

ስለዚህ የቀረኝ ሽታውን ማጥፋት ነበር። ሽታው ካልመጣ እሷም መሄዱን ትተዋለች ብዬ አሰብሁ። ለእሷ ግን «ሞተሩ ዘይት ጨርሶ፣ ነክሶ ሳይቆም እንጠግነው» ብቻ አልኋት። ዓይኔን አላየችም። «ሥሪው» አለች፤ ወደ ጓዳ ገባች።

«የካንዴላዎቹን ገመድ ስትነቅዪ ቁጥር ጻፊባቸው» አሉ ጋሽ ትርፌ። «ካምታታሻቸው ሞተሩ እንደ ሰካራም ነው የሚያወራልሽ።»

አራቱን ገመዶች ቁጥር ጽፌ ነቀልሁ። በአሥር ቁጥር መፍቻ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ በአሮጌ ሰሐን ላይ ደረደርኋቸው።

«ስንት ናቸው?»

«አሥር፣ ጋሼ።»

«ስትጨርሺም አሥር ይግቡ። አንድ ከተረፈሽ ስሜን ወርሰሻል ማለት ነው።»

ከዚያ አጥሩን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ባለፈው ወር በዚያ በኩል ሳልፍ ሸተተኝ። ዝም ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁለት፤ እንደ ድሮው፣ ‘እንዴት ዋልክ መምህር’ ብዬ። አሥር እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው መሞቱ ትዝ ያለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ! ባርኔጣውን እንደያዝኩት ቤቴ ገባሁ።»

ክዳኑ አልነቃነቅ አለ። የአባቴ ሲሊኮን ይዞታል።

«በመዶሻው እጀታ ግራ ቀኙን መታ መታ አድርጊው። ልመና ነው፣ ዱላ አይደለም።»

ለመንሁት። አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ተላቀቀ።

በሞተሩ ጠርዝ ላይ ሲሊኮኑ በንብርብር ተኝቷል፤ ከሥር ጥቁር፣ ከላዩ ግራጫ፣ ከሁሉ በላይ ቀይ። ጋሽ ትርፌ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ወይ ይህ ሰው! ስንቴ ነገርኩት። ሲሊኮን ስስ ቅባት ነው፣ ኬክ አይደለም አልኩት። ‘እኔ በስሌት ነው የምሠራው’ ይለኛል። ስሌቱ ይኸውልሽ፤ አሥራ አንድ ዓመት አፈሰሰ።»

ብረት አሉሚኒየሙን ስለሚቧጥጠው በእንጨት ማስመሪያ መፋቅ ጀመርሁ። ጥቁሩ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላጠ፤ ግራጫው ተጎተተ። ዓይን ወደማይደርስበት፣ እጅ ብቻ ወደሚገባበት የኋላ ጥግ ስደርስ የእጅ ባትሪውን አበራሁ።

በቀዩ ሲሊኮን ላይ የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

ሲቀባ ጫን አድርጎት እንደዚያው ደርቋል። መስመሮቹ ሁሉ አሉ። በመካከላቸው ሰያፍ ጠባሳ ያልፋል፤ እኔ ሳልወለድ ቆርቆሮ የቆረጠው ነው። ልጅ ሳለሁ በዚያ ጠባሳ ላይ ጥፍሬን እያመላለስሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

«ምን አገኘሽ?»

ባትሪውን አቀበልኋቸው። ወገባቸውን ይዘው ተነሡ፤ አጎነበሱ፤ አዩ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸው ሥራ ፈታ።

ከቤት ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ እናቴ ዕቃ ታጥባለች። ከመኪና ቤቱ እስከ ወጥ ቤቱ በር አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ብጠራት ትመጣለች።

«ሲሊኮን ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱ እዚያ ካለ አዲሱ ላስቲክ አይቀመጥም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ልትጠሪያት ነው?»

የውኃው ድምፅ ቆመ። ብጠራት ጣቷን በጣቱ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ወዲያ ያንን ክዳን ማንም አይገጥመውም፤ ሞተሩ እንደተከፈተ ይኖራል፣ እሷም ከጎኑ። የማስመሪያውን ጠርዝ ከአሻራው ሥር አስገባሁ። ሙሉውን የሚነሣልኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቁራጭ ሆኖ ተበጠሰ። ቁርጥራጮቹን ከሌላው ፍርፋሪ ጋር በጋዜጣ ጠቀለልሁ።

«ምን አገኛችሁ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇን በፎጣ ታደርቃለች። መቼ እንደመጣች አላየንም።

«የባልሽን ኬክ!» አሉ ጋሽ ትርፌ በጥድፊያ። «አሥራ አንድ ዓመት ሲጋግር የኖረውን።»

አልሳቀችም። የምታየው እኔን ነው።

«ውስጡ ምን ነበር?»

«ምንም፣ እማዬ። ዘይት ብቻ።»

ጋዜጣውን አየች። ከዚያ ፎጣውን አጥፋ ተመለሰች።

ጠርዙን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳሁት። አዲሱ ላስቲክ በክዳኑ ቦይ ውስጥ ያለ ምንም ቅባት ገባ። ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በመፍቻ፣ ከመካከል ወደ ዳር፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያልሁ አሰርሁ። ጋሽ ትርፌ በየመሐሉ «ብሎን ይጠብቃል እንጂ አይታነቅም» ይሉኛል። አሥሩም ገቡ።

«እንግዲህ ስሜ ከእኔ ጋር ይቀበር» አሉ፤ ያሉት ነገር ወዲያው አሳፈራቸውና የተቀመጡበትን ሣጥን አንሥተው ወደ ጥግ ወሰዱት።

በአሥራ አንድ ሰዓት ዝናቡ ጀመረ፤ እናቴም መጣች። በሮቹን ስትዘጋ ሰዓቴን እያየሁ ከውጭ ቆምሁ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ልከፍተው ቆርጫለሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁ እኩል ነበር፣ የሚያነክስ የለውም። በዘጠነኛው ደቂቃ ራሷ አጠፋችው።

ስትወጣ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ፌርማታ ላይ ቆሞ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳለፈው የተነገረው ሰው ትመስል ነበር።

«አልመጣም» አለችኝ።

ማታ ከመተኛቷ በፊት ወደ ክፍሌ ብቅ አለች። «የውጭውን በር ዛሬ አትቆልፊው። ሽታ ከሌለው መግባቱን አላውቅም፤ ቢያንኳኳም ላልሰማው እችላለሁ።»

በሩን አልቆለፍሁም። አልተኛሁምም።

በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ሳጥፍ ሽታው መጣ። በወጥ ቤቱ በር ገባ፤ በጠባቡ መተላለፊያ አለፈ፤ እኔ ወዳለሁበት ክፍል ደረሰ። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። አፌም ከእኔ ቀድሞ «መጣህ?» አለ።

ድምፄን ስሰማው ሮጥሁ። የመኪና ቤቱን በሮች በረገድሁ፤ ቁልፉን አዞርሁ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። እናቴ በቦታዋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ከንፈሯ ደኅና ነው። በጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ዘይት ገብቷል። አሥር ቁጥሩ መፍቻ በጉልበቷ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ከኋላ ያሉትን ሁለቱን ፈታሁ» አለች። «ድሮም የሚያስቸግሩት እነሱ ነበሩ። ሲሠራ መብራት የምይዝለት እኔ አልነበርኩ?»

«ትሞቻለሽ እኮ! በር ዘግተሽ፣ በዚህ ሁሉ ጢስ…»

«ዝም በይ። ጫማውን እያወለቀ ነው።»

አዳመጥሁ። የጋለው ብረት እየቀዘቀዘ ጠቅ አለ። ቆይቶ ሌላ ጠቅ አለ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም።

«እማዬ» አልኋት። «ትናንት ውስጡ የጣቱ አሻራ ነበር። እኔ ነኝ የፋቅኩት። ዋሸሁሽ።»

«ጋዜጣውን ከቆሻሻው አወጣሁት» አለች፤ ወደ ፊት እያየች። «ሦስቱን ቁራጭ ገጣጥሜ አየሁት። ጣት ብቻውን ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ሰውዬውን ነው።»

ከጎኗ፣ በሾፌሩ ወንበር ልቀመጥ ብዬ በሩን ከፈትሁ። ክንዴን ያዘችኝ። በኋላ ወንበር ተቀመጥሁ።

ለጋሽ ትርፌ ደወልሁ፤ ስልኩን ባነሡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሱ። ኮፈኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ሁለቱ ብዙ ነው፤ እሳት ያስነሣል» አሉኝ። «አንደኛውን ጥብቅ አድርጊው። ሌላኛውን ካሰርሽው በኋላ ሩብ ዙር መልሺው። በሰዓት አንድ ጠብታ ቢያወጣ ነው፤ ይሸታል እንጂ አይነድም። በየሳምንቱ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ይህ ጥገና ነው?»

«እኔ እንጃ» አሉ። «መፍቻውን አንሺ።»

አንደኛውን አጠበቅሁ። ሌላኛውን ሩብ ዙር መለስሁ።

ሳይመሽ፣ ጋሽ ትርፌ ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ እኔ ከታች እየደገፍሁ፣ የመኪና ቤቱን ሁለት በሮች ከማጠፊያቸው ነቅለን በአጥሩ ላይ አስደገፍናቸው።