ሦስት ጓጉንቸር በአንድ በር

ሩቅ ከተማ ያለችው ትልቋ ልጇ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ከወለደችላት ስምንተኛ ቀኗ ነው፤ የአውቶቡሱ ትኬት ለነገ ጠዋት ተቆርጧል። ባሏ ግን «ቤቱን ባዶ ጥዬ ንቅንቅ አልልም!» ብሎ ድርቅ አለ። በዚያው ሳምንት ሌቦች የጎረቤታቸውን የጓሮ በር ገንጥለው ከቴሌቪዥን እስከ ማንኪያ ጠራርገው ወስደዋል።

«ብቻሽን ሂጂ።»

«ብቻዬን ብሄድ አራሷ ምን ትለኛለች? ‹አባቴ ከኔ በሩን መረጠ› አትልም?»

ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር፣ ሰፈሩ «ቀመር» የሚለው፣ በጓሮው የብረት በር ላይ ከውጭ ሦስት ጓጉንቸር ቁልፍ ደርድሯል። በሩን ያስገጠመውም ራሱ ነበር፦ የመጻሕፍት መደርደሪያው ቦታ እንዳያጣ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ፣ ሠራተኛውን በማስመሪያ ቁም ስቅሉን እያሳየ።

«ሦስቱ ጓጉንቸሮችህ ካላስተኙህ አራተኛ ጨምርና ኩሬ ቆፍርላቸው» አለችው።

«ቀልጂ! ሌባ የሚሸነፈው በቁልፍ ነው።»

ደሟ ፈላ። ሰው ተምሮ ተምሮ እንዴት ዓይኑን አንድ ቁራጭ ብረት ላይ ይቸነክራል? ሌባ እኮ ከባዱን ጥያቄ ዘሎ ቀላሉን ነው የሚሠራው! ይህን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዴት ይዘነጋል? ስልኳን አንስታ በያጇን ታናሽ ልጃቸውን ጠራች።

ልጅቷ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ከች አለች። በሩን አየችና በሳቅ ፈነዳች።

«አባዬ፣ ቁልፎችህን ሳልነካ ብከፍተውስ?»

«ከከፈትሽው እንዳልሽው አሠራዋለሁ። ካቃተሽ ግን መንገዱ ቀረ!»

«እኔ ምስክር ነኝ!» አለች እናት።

ልጅቷ መዶሻና ወፍራም ምስማር ይዛ ቁልፎቹን በኩራት አልፋ ወደ ማጠፊያዎቹ ሄደች። ቀው! ቀው! የላይኛው ማጠፊያ ዘንግ ዘሎ ወጣ፤ የታችኛው ተከተለው። ፈልቅቃ ስትጎትተው ሦስቱ ቁልፎች እንደተቆለፉ በሩ በማጠፊያው በኩል ተከፈተ።

እናት እልል አለች። አባት ዘንጉን ከመሬት አንስቶ አገላበጠው።

«ወደ ውጭ ስታስከፍተው ማጠፊያውም ውጭ ቀረ፤ ለሌባ መግቢያውን አዘጋጅተህለታል» አለች ልጅቷ። «የፊት ለፊቱ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ የሱ ማጠፊያ ቤት ውስጥ ነው።»

«ከመጀመሪያው መስመር ነው የተሳሳትኩት» አለ አባት።

በሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የብየዳው ብልጭታ ጓሮውን ሞላው። ልጅቷ ዘንጎቹን እንዳይወጡ ከማጠፊያው ጫፍ ጋር በየደቻቸው። በዚያው ጎን በበሩ ጠርዝ ላይ ሦስት አጫጭር ብረቶች በየደች፤ በሩ ሲዘጋ መቃኑ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ጥርቅም ብለው ገቡ።

«አሁን ማጠፊያውን ቢቆርጡት እንኳ አይላቀቅም።»

«ይፈተን!» አባት ድጅኖ ይዞ ተነሣ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ።

«ኑ እዩ! ቀመር የገዛ ቤቱን ሊዘርፍ ነው!»

ፈለቀቀ፣ መታ፣ ላብ አጠመቀው። በሩ በጮኸ ቁጥር ሚስቱ የያዘችውን ትኬት ትጨብጣለች፤ ከተከፈተ ነገ የለም! ሰውየው ግን ድንገት ድጅኖውን ወርውሮ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ዘለለ።

«እምቢ አለኝ! አንቺዬ፣ እምቢ አለኝ!»

«በሩ እምቢ ካለ አንተ እሺ በላ!»

«እሺ! እሺ ብያለሁ!» አለና፣ ለልጅ ልጁ የሚታይበትን ደህና ሸሚዝ ሊፈልግ ወደ ቤት ሮጠ።