የጭራው ቅርፊት

አዛውንቱ የሥነ ምድር መምህር ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይዳብሱታል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ቅሪተ አካል የሚለዩት በጣታቸው ነው።

«ይሄ የጀርባው ቅርፊት ነው። ከመሃሉ እንደ ጨረር መስመር ይወጣል። የሰሜኑ ኮረብታ እንስሳ፤ የኔው።»

«አዎ ጋሼ» አለች የቀድሞ ተማሪያቸው። ዛሬ በሙዚየሙ ቅሪተ አካል ከድንጋይ የምታላቅቀው እሷ ናት።

«ጭራውስ?»

ጭራው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ላታወጣው ለራሷ ምላ፣ ግን ትታው መምጣትም አቅቷት ነው ይዛው የመጣችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትራያሲክ ዘመን፣ ዳይኖሰሮች ገና ብቅ ብቅ ሲሉ፣ ጀርባቸው በአጥንት ቅርፊት የታጠረ፣ አዞ የሚመስሉ ተሳቢ እንስሳት ነበሩ። ዓይነታቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቅርፊታቸው የተገኘበትን አለት ዕድሜ ያሳብቃል። በሰሜኑ ኮረብታ ባለጨረር ቅርፊት ተገኘ፤ በደቡቡ ደግሞ እንደ ፈንጣጣ ፊት የተበሳሳ። መምህሩ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ናቸው፣ ባለጨረሩ ይቀድማል ብለው ፈረዱ። በዚያው ፍርድ የሁለቱ ኮረብታዎች አለት ካርታ ላይ በሁለት ቀለም ተቀባ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩት፣ ሲከራከሩበትና ሲከበሩበት የኖሩት ይኸው ነው። አዲሱ ካርታም በዚሁ ቀለም ሊታተም ማተሚያ ቤት ገብቷል።

ሰሞኑን ያላቀቀችው እንስሳ ግን ጉድ ይዞ መጣ። ከአንገት እስከ ጭራ ሳይበታተን የተገኘ የመጀመሪያው ነው፤ ጀርባው ባለጨረር፣ ሲላቀቅ የተሰበረው ጭራው የተበሳሳ። ሁለቱም ቅርፊት የአንድ እንስሳ ከሆነ የሁለቱ ኮረብታዎች አለትም እኩያ ነው።

ጭራውን አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ዳበሱት። ከዚያ ስብራቱን ከጀርባው ስብራት ጋር ገጠሙት፤ ልክ ገባ።

«እንዲያው ጭራና ጀርባ ሳልለይ ነው ያረጀሁት በዪኛ» አሉ።

ልትስቅላቸው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ሌላ ማን አየው?»

«እስካሁን እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆዪ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። አፈር ካለበሳችሁኝ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«ካርታው ነገ ይታተማል ጋሼ። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ምን ያህል እንደሚወርዱ ከሱ ነው የሚያዩት።»

«አውቃለሁ። እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው የምለምንሽ።»

አባቷ ሞቶ ትምህርቷን ልታቋርጥ ስትል እጇን ይዘው ወደ ክፍል የመለሷት እሳቸው ናቸው። እሺ ማለት ከልቧ ፈለገች።

«አልችልም» አለች።

«በይ ሂጂ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ድንጋዩን ከጭናቸው ላይ አላነሳችባቸውም። ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና በሩን ልትዘጋ እጀታውን ያዘች። ተደብቃባቸው ልታደርገው አልፈለገችም። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ እዚያው ደፉ ላይ ቆመች፤ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ስልኩን ሲያነሳም ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ካርታውን እንዳታትሙት፤ ቀለሙ ተሳስቷል» አለችው።