የሙሉ መደብ ጌታ

በዛብህን የሰደበችው መሰለች ናት። ቀኑም ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የቅርጫው በሬ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ ተገፍፎ ሥጋው በቅጠል ላይ ሲመደብ ነው። በዛብህ እንደ ልማዱ ቢላዋ ሳይነካ ያዝዝ ነበር፤ «ሽንጡን ለሁሉም አዳርሱ! ያቺ መደብ አጥንት በዝቶባታል!» እያለ። መሰለች፣ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ውሃና ለስላሳ የምትሸጠዋ ጎረቤቱ፣ ቆማ ስትሰማው ቆየችና፦

«ጋሽ በዛብህ ለግማሽ መደብ ሙሉ ምክር ይሰጣሉ» አለች።

ተሳቀ። በዓመት አንዴ የሚስቀው ጎረቤታቸው ፈየራ እንኳ የዚያን ዓመቱን ሳቅ እዚያው ጨረሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁርጡን በልቶ ይረሳዋል። በዛብህ ግን መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ የማያስታውስ፣ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ሲያቋርጥ «ይሻልሃል» ያለውን አስተማሪ የከረባት ቀለም የማይረሳ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ለመሰለች መልስ ሲያዘጋጅ ከረመ። ጥሩ ጥሩው መልስ የሚመጣለት ሁሌም እሷ በሌለችበት ነው።

የክር ፋብሪካ በር ላይ የሠራተኛ ፌስታል ሲፈትሽ ኖሮ እሱ ጡረታ ሲወጣ ዓይኑ አብሮት አልወጣም። የማን ቤት ብር በምን እንደሚያልቅ ከባለቤቶቹ በላይ የሚያውቅ ይመስለዋል። ፈየራ የመሬቱን ካሳ አይሱዙ ገዛበት፤ ከሚነዳው የሚያጥበው ይበዛል ይላል በዛብህ። የመንግሥት ሠራተኛው ዘአማኑኤል ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባና ደሞዙን ባንክና ታክሲ ተካፈሉት፤ ለእሱ የተረፈው መጋረጃው ነው። መሰለች ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ መልሳ ዕቃ ትገዛበታለች፤ ቤቷ ውስጥ እንኳ መቀመጫው የለስላሳ ሳጥን ነው። የራሱ ቤት ብር በምን እንደሚያልቅ ግን ጠያቂ አላገኘም፤ ቢጠየቅም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በየዓመቱ ከዘአማኑኤል ጋር አንድ መደብ ለሁለት ይካፈሉ ነበር። ዘንድሮ የቅርጫው ሰብሳቢ ሲመጣ በዛብህ ደረቱን ነፍቶ «ሙሉ!» አለ።

ብሩ የቆርቆሮ ነበር። ሚስቱ አሰለፈች ከጉሊቷ እየቀነሰች፣ ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ልታስቀይርበት ሳጥን ውስጥ ያኖረችው። በዛብህ ከጡረታው እተካለሁ ብሎ አወጣው። የጡረታው መጠን ትዝ ያለው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

የፋሲካ ዕለት ሥጋው ሲመደብ መሰለችን በዓይኑ ፈለገ። እንዲሁ ዝም ብሎ ከመደቡ አጠገብ ቆሞ ሊታይ ነበር ሐሳቡ። አገኛት፤ ከዘአማኑኤል ጋር ጎንበስ ብለው አንዲት መደብ ለሁለት ይከፍላሉ።

«ግማሽ ወሰድሽ እንዴ?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ምን ላደርገው ጋሼ፤ አንድ ራሴን ነኝ። ይብቃኝ!»

በዛብህ ሙሉ መደቡን ሳፋ ላይ ገለበጠ።

ሳፋውን ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ አሰለፈች አንዴ ሥጋውን፣ አንዴ ሳጥኑን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ የቆርቆሮውን ብር ነው በሳፋ ያመጣኸው?»

«ከጡረታዬ እተካዋለሁ አልኩሽ!»

«መቼ አልከኝ? እስክትተካው ጣሪያውን በሽንጥ ልንከድነው ነው?»

ልጆች ወጥተው ሄደዋል፤ ቤቱ የሁለት ሰው ነው። በሉ፣ ጠበሱ፣ ደግመው በሉ፤ ሳፋው የተነካ አይመስልም። ቋንጣ እናድርገው አለ በዛብህ። አሰለፈች ቀና ብላ የቋንጣውን ገመድ አሳየችው፤ የተወጠረው ከጣሪያው ቀዳዳ ሥር ነው። ሰማዩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል።

«ፍሪጅ ያለው መሰለች ቤት ነው» አለች።

«ሞቼ እገኛለሁ!»

ወደ ማታ ሥጋው መሽተት ሲጀምር በዛብህ ሳይሞት ተገኘ፤ መሰለች በር ላይ፣ ከነሳፋው።

መሰለች በሩን ከፈተችለት። ለነገ ጠያቂዎች የምታቀዘቅዘውን ውሃና ለስላሳ አንድ በአንድ ከፍሪጁ አወጣች፣ መሬት ላይ ደረደረች፣ ሥጋውን በፌስታል በፌስታል አድርጋ አስገባችለት። ባዶውን ሳፋ መለሰችለት። ይህ ከስድብ ባሰበት። ቢያንስ ያኛው ስድብ አጭር ነበር።

«መሰለች» አለ። «አምና በዚህ ቀን ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?»

«እርስዎን? ምን ብዬ?»

«በሰው ፊት።»

አሰበች። ከልቧ አሰበች፤ ያናደደውም ይኸው ነው።

«ኧረ አላስታውስም ጋሼ። ክፉ ተናግሬ ከሆነ በሞቴ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ቆርቆሮዋ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ጠብ ሲል ቀና አለችና፦ «እኔ የምለው፣ አሰለፈች በፋሲካ ሰሞን ቆርቆሮ ልትገዛ ነው ብላኝ ነበር። ገዛችሁ?»

 በዛብህ ካከማቸው መልስ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። ዝናቡ ጠና አለ። ባዶውን ሳፋ ራሱ ላይ ደፋና፣ ወደሚያፈሰው ቤቱ ሄደ።