ቡና ሥር መግባት

ማሚት በረጅም ዱላ ከቡናው ሥር ያለውን ሣርና ቅጠል እየመታች ወደ ፊት ስትሄድ፣ ጎረቤቷ አጸደ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ማሳው ጫፍ ላይ ቆማለች። ከጎኗ የሟቹ ባሏ ታናሽ ወንድም ጥበቡ እጁን አጣምሮ ያያታል።

"ነግሬሻለሁ" አላት። "ዘንድሮም ካልገባሽ ቡናው ይነቀልና ጫት ይተከልበታል። ጫት ከሆነ ዳር ላይ ሆነሽም ትቀጥፊዋለሽ።"

ጥበቡ ክፉ ሰው አይደለም። አራት ዓመት ታግሷል። አራት ዓመት ሙሉ ቡናው በጎረቤት ደቦ ሲለቀም ባለቡናዋ ዳር ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትቀቅላለች። በጎረቤቶቿ ተራም በጉልበቷ ፈንታ የተቀቀለ ጎደሬ ትልካለች። ባሏ በእጁ ተክሎ ያሳደገው ቡና ግን እንዲነቀል አትፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ቅርንጫፍ ስባ ዝቅ ስታደርግ አረንጓዴ እባብ አንገቷ ላይ የወደቀባት ቀን ነው። አልነከሳትም። ትከሻዋን ተሻግሮ ወርዶ ሄደ፤ ከልቧ ግን አልወረደም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ውሎ አድሮ የፍየል ገመድ እንኳ ያስጮኻት ጀመር። ጎረቤቶቿ ጸለዩላት፣ ቀለዱባት፣ በመጨረሻም እሷ ሳትገባ ቡናዋን ለቀሙላት።

ባለፈው ክረምት ልጇ ሮዳስ ባጃጅ ላይ አሳፍራ አማን ከተማ ሆስፒታል ወሰደቻት። እዚያ በንግግር ፍርሃት የሚያክም ሰይፈዲን የሚባል የአእምሮ ጤና ነርስ አለ። አጸደ ገና ሳትቀመጥ ነበር የጠየቀችው።

"ዶክተር፣ ድግምት ከሆነ ይቅርብኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ምን ይሉኛል?"

ሰይፈዲን ሳቀ። "ዶክተርም ደጋሚም አይደለሁም እናቴ፤ ነርስ ነኝ። ይኼ ሂፕኖሲስ ይባላል። አያስተኛዎትም። ሰውነትዎ ያርፋል፣ ሐሳብዎ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የምለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ካልተስማማዎት ተነሥተው መሄድ ነው።"

"ታዲያ እባቡን ታስወጣልኛለህ?"

"እባቡማ ያኔውኑ ሄዷል። የቀረው ፍርሃቱ ነው። ፍርሃት ደግሞ በሸሹት ቁጥር ይወፍራል። ጎረቤቶችዎ ባያውቁትም በደግነታቸው ሲቀልቡት ኖረዋል።"

ይህ ንግግሩ አስከፋት፤ ጎረቤቶቿ ሲነኩባት አትወድም። እቤቷ ተመልሳ ስታስበው ግን እውነት ሆኖ አገኘችው። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሳ ሄደች።

ስድስት ሐሙስ ተመላለሰች። ወንበር ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሿን ቀስ ብላ እንድትስብ አድርጎ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች በሐሳቧ ወደ ማሳው ይወስዳታል። መጀመሪያ አጥሩ ድረስ ብቻ። ልቧ ሲደልቅ ይቆማሉ፤ ሲረጋጋ አንድ እርምጃ ይጨምራሉ። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ አለቀሰች። ያስለቀሳት እባቡ አልነበረም፤ በሐሳቧ ከገባችበት ቡና ሥር ባሏን ቆሞ ስላየችው ነው። ሰይፈዲን ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቃት። አምስተኛው ላይ የእባብ ፎቶ በስልኩ አሳያት። ጮኸች፤ ቆየት ብላ ደግሞ አየችውና "ትንሽ ነው እኮ" አለች። እቤቷ ስትሆን ደግሞ የቤት ሥራ አላት፤ አንድ ቀን የመጀመሪያው ዛፍ ድረስ፣ በማግሥቱ እስከ ሁለተኛው። ቅርንጫፍ ስቦ መልቀም ግን ለዛሬ የቀረ ነበር።

"ማሚት" ብላ ከማሳው ጫፍ ተጣራች። "ዱላውን ተዪው።"

ማሚት ዞረች። "እንዴ፣ ሳልመታልሽ?"

"አራት ዓመት ደከምሽልኝ፣ ጌታ ይባርክሽ። ዛሬ እንዲሁ ልግባ።"

ለደቦ የመጡት ለቃሚዎች ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ። አጸደ ገባች። ሦስት እርምጃ እንደሄደች ቅጠሉ ሥር አንድ ነገር ሽው አለ። እግሮቿ ወደ ኋላ ሊሉ ፈለጉ። ማሚት ልትሮጥላት ስትል ጥበቡ ክንዷን ያዘ። አጸደ አየሩን ቀስ ብላ ሳበች፣ ቀስ ብላ ለቀቀች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች።

"እንሽላሊት ነው" አለች፣ ለራሷም ለሰውም።

እጇን ዘርግታ ቅርንጫፉን ሳበችው። ምንም አልወደቀባትም። ቀዩን እየለየች መልቀም ጀመረች፤ ጣቶቿ ሥራውን አልረሱትም። ቀና ስትል ያ ሁሉ ሰው እሷን እያየ ቆሟል። እንባዋ መጣ። እነዚህ ሰዎች ስቀውባት ሊተዉዋት ይችሉ ነበር፤ አልተዉዋትም። ያንንም የአማን ነርስ አሰበችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ መረቀቻቸው።

ጥበቡም ቅርጫት አንሥቶ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ገባ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ጫቱን የራሴ ደጅ እተክለዋለሁ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ቀትር ላይ ቅርጫቷ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተገልብጧል። ሰዉ ለምሳ አረፍ እንዳለ ማሚት ጎኗ ተቀመጠች።

"ነገ የኔ ተራ ነው" አለቻት። "ለዛሬ ደክመሻል። እንደ ወትሮው ጎደሬ ቀቅለሽ ላኪልን፤ ይበቃል።"

የማሚት ቡና ወንዙ ዳር ነው። ጥላው ይጠቁራል፣ ሣሩ ከጉልበት በላይ ነው፣ እባብ እንደማይጠፋበት ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አጸደ ያንን አሰበች። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቃትም።

"ጎደሬውን ራስሽ ቀቅዪ" አለቻት። "እኔ በጉልበቴ ነው የምመጣው። ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?"