ቀርፋፋ ከፊት

እትዬ ተራራውን የሚጠሉት በአካል ተዋውቀውት አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ተገትሮ የአምስተኛ ክፍልን ልጆች ዓይን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ እየሰረቀ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያስቸግራቸው ነው። ፀጉራቸው የሸበተው በርዕሰ መምህርነት ወንበር ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ልጅ ጠፍቶባቸው ወይም ተሰብሮባቸው አያውቅም፤ ምክንያቱም አንድም ልጅ ከግቢው በር አስወጥተው አያውቁም። ይህን ሲናገሩ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ማን ደፍሮ ይከራከራቸዋል?

የተከራከረቻቸው አዲሷ የስፖርት መምህርት ናት። ይህች ልጅ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ደረጃ እንኳ ስትወጣ እየዘለለች ነው። "እትዬ፣ እነዚህ ልጆች እኮ ተራራውን በስዕል ደብተር ላይ ሲስሉት ነው ያደጉት። አንድ ቀን እንኳ ይርገጡት እንጂ!" እያለች ጠዋት ማታ ጨቀጨቀቻቸው። የወላጆች ኮሚቴም ሲጠየቅ እትዬ ራሳቸው አብረው ከሄዱ እንስማማለን አለ። እሳቸው ባሉበት እንኳን ልጅ እርሳስም አይጠፋም ብሎ።

እትዬ አስበው አስበው እሺ አሉ። እሺታቸው ግን ተንኮል ነበረበት፤ እውነቱን መደበቅ ምን ያደርጋል? "ጫፍ ከደረሳችሁ በየወሩ ትሄዳላችሁ። ካልደረሳችሁ ግን ሁለተኛ የተራራ ወሬ በዚህ ግቢ እንዳልሰማ" ሲሉ በሰልፍ ላይ አወጁ። በልባቸው ያሰቡት ሌላ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሰበብ አይጠፋም፣ እንመለሳለን፣ የተራራው ነገርም በዚያው ይዘጋል።

ያላሰቡት የስፖርት መምህርቷን ሕግ ነው።

"ተራራ ላይ ከፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ነው" አለች ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰብስባ። "ፈጣኑ ከኋላ። ማንም ማንንም አይቀድም። ቀርፋፋው ሲያርፍ ሁላችንም እናርፋለን፤ ቀርፋፋው ሲመለስ ሁላችንም እንመለሳለን። እንዲህ ከሆነ ወደ ኋላ የሚቀር አይኖርም።"

ከዚያ ቀርፋፋውን ለመለየት ሜዳውን በእርምጃ እንዲዞሩ አደረገቻቸው። እትዬ ዳር ቆመው ሲያዩ፣ ልጆቹ መሮጥ እንጂ መራመድ የማያውቁ መሆናቸው አናደዳቸው። "መራመድ እንዲህ ነው!" ብለው ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ገቡበት። በኩራት፣ በዝግታ፣ በሥርዓት ዞሩ። ሲጨርሱ አምስተኛ ክፍል በሙሉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ነበር። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ሲያነክስ የነበረው ልጅ እንኳ ቀድሟቸዋል።

መምህርቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። "እትዬ... እንግዲህ ሕጉ..."

እትዬ ዕድሜ ልካቸውን "ሕግ ሕግ ነው" ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ምን ይበሉ?

"ሕግ ሕግ ነው" አሉ፣ ምርር ብሏቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ከተራራው ሥር አራገፋቸው። እትዬ ከፊት ተሰለፉ። የሴት ልጃቸውን የስፖርት ጫማ ተውሰው አድርገዋል፤ የቢሮ ቦርሳቸውን ግን ማን ያስጥላቸው! ከኋላቸው ልጆቹ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ውሃቸውን አንግተው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንቆራጠጣሉ። ከሁሉም መጨረሻ ሞተር አለ። ሞተር ያሉት አንዴ ከተነሣ የሚያጠፋው ስለሌለ ነው። ይህ ልጅ ከእትዬ ኋላ፣ ያውም ከሰልፉ ጭራ ሆኖ እንዲሄድ መታዘዙ ግፍ ነበር፤ ቆሞ እንኳ እግሩ ይሮጣል።

መምህርቷ ከሰልፉ ጎን ላይ ታች ትላለች። "አጭር አጭር እርምጃ! በአፍንጫ ተንፍሱ! የሙዝ ልጣጭ የሚጥል ልጅ እንዳላይ!" ማን ይሰማታል? ልጆቹ ድንጋይ አይተው ይጮኻሉ፣ ጥንዚዛ አይተው ይጮኻሉ፣ የራሳቸውን ጩኸት ሰምተው መልሰው ይጮኻሉ። አንዱ "ቲቸር፣ ደመናው ጋ ስንደርስ መንካት ይቻላል?" ሲል ሌላው "እጅህን ከታጠብክ" ብሎ መለሰለት።

የመጀመሪያዋ መታጠፊያ ላይ እትዬ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙና ዘፍ አሉ።

"ኡፍ! በቃኝ።"

"እትዬ፣ አውቶቡሱ እኮ ገና ይታያል" አለች መምህርቷ።

"ይታይ! ደስ የሚል አውቶቡስ ነው።" ሹፌሩ ከታች እጁን አውለበለበላቸው፤ እሳቸውም አውለበለቡለት። "እንግዲህ ሞከርን። ጉልበቴ እምቢ አለ። ቀርፋፋው ሲመለስ ሁሉም ይመለሳል ነበር ያልሽው?"

መምህርቷ ክው አለች። የገዛ ሕጓ ነው የያዛት። የልጆቹ ፊት በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ኮፍያዎቹ እንኳ የወደቁ መሰሉ። እትዬ ትንሽ ከፋቸው፣ ግን ትንሽ ብቻ። ቦርሳቸውን አንሥተው ሊቆሙ ሲሉ ከሰልፉ ጭራ አንድ እጅ ወጣ።

"እትዬ፣ ጥያቄ አለኝ" አለ ሞተር። "በመምህራን ክፍል መሳቢያ ውስጥ እንቁራሪት ያስገባውን ሰው ቢነግሩዎት፣ እስከዚያ ዛፍ ይሄዳሉ?"

የእትዬ ጆሮ ቆመ። የእንቁራሪቱ ነገር የእግር እሳት ሆኖባቸው ነው የከረመው። ክፍሉን በሙሉ አንድ በአንድ መርምረዋል፣ እጅ አሽትተዋል፣ አስፈራርተዋል፣ ከረሜላም ሞክረዋል። የሒሳብ መምህሩ እስከዛሬ ድረስ መሳቢያ የሚከፍቱት በማስመሪያ ነው።

"ማን ነው?"

"መጀመሪያ ዛፉ" አለ ሞተር።

"መጀመሪያ ስሙ!"

"መጀመሪያ ምሕረት፣ ቀጥሎ ዛፉ፣ ከዚያ ስሙ" አለች ከመሃል አንዲት ባለ መነጽር ልጅ። ይህችን ልጅ ጠበቃዋ ይሏታል፤ ያለ ክርክር ያለፈችው ፈተና የለም።

እትዬ አውቶቡሱን አዩ፣ ዛፉን አዩ። ለካ ዛፉ ሩቅ አይደለም። "ይሁን፣ ምሕረት ሰጥቻለሁ" ብለው ተነሡ፤ ልጆቹ ተራራው እስኪነቃነቅ ጮኹ።

ዛፉ ሥር ሲደርሱ ሞተር ደረቱን ነፍቶ "እኔ ነኝ!" አለ።

"ብቻህን?"

"እንቁራሪቱም ተባብሮኛል።"

እትዬ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጣው ግን አልመጣ አለ። በምትኩ አንድ ሳቅ በአፍንጫቸው በኩል አመለጣቸው፤ በእጃቸው ሊይዙት ቢሞክሩ ጊዜው አልፏል።

ከዚያ በኋላማ ገበያ ሆነ። "እስከ ትልቁ ድንጋይ ከሄዱ፣ ጠመኔውን ሻማ ቀብቶ አልጽፍም ያሰኘውን እነግርዎታለሁ!" ትልቁ ድንጋይ ጋ ተደረሰ፤ ጥፋተኛዋ ወጣች። "ምንጩ ጋ ከደረሱ፣ የክፍሉን ሰዓት ወደፊት ያስሮጠውን!" ምንጩንም ተሻገሩ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ባለው የእትዬ ፎቶ ፂም የሣሉት ሁለት ሆነው ተገኙ፤ አንዱ የቀኙን፣ አንዱ የግራውን።

"የግራው ለምን አጠረ?" ሲሉ ጠየቁ እትዬ በመርማሪ ድምፅ።

"ቀለሙ አልቆብኝ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ እኮ ይህን ነበር ያልኩት! ሁለት እጅ ነው፣ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም ስል ማን ሰማኝ?" ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ስንት ጊዜ እንቅልፍ የነሣቸው ነገር ሁሉ፣ በየመታጠፊያው በነፃ ይታደላል! ጉልበታቸውን ረሱት። አንዴማ ማረፊያው ሳይደርስ "ቀጣዩ ማን ነው? ኧረ ቶሎ በሉ!" ሲሉ መምህርቷ ሰምታ ፊቷን ወደ ቁጥቋጦ አዙራ ሳቀች።

የመጨረሻዋ ዳገት ሥር ሲደርሱ ግን ሁለት ነገር አለቀ፤ የእትዬ ጉልበትና የልጆቹ ጥፋት።

እትዬ ተቀመጡ። የጠዋቱ ዓይነት አቀማመጥ አልነበረም። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ባታቸው ይንቀጠቀጣል። "አሁንስ የምሬን ነው፣ ልጆቼ" አሉ። ጫፉ ከፊታቸው ነበር፤ ሣር የለበሰች ዳገት፣ ከላይዋ ሰማይ ብቻ። መምህርቷ ተንበርክካ የልባቸውን ምት አዳመጠች፣ ውሃ አጠጣቻቸው፣ ጫማቸውን አላላችላቸው። "ደህና ነዎት። ግን ካልቻሉ እንመለሳለን፣ እትዬ። ሕጉ የወጣው እኮ ለዚህ ነው" አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። እትዬ የተመኙት ሰበብ ይኸው እጃቸው ገባ። ገብቶም ደስ አላላቸውም።

ልጆቹ ክብ ሠርተው በሹክሹክታ ይተራመሳሉ።

"አንተ ሌላ የለህም?"

"ጨረስኩ እኮ!"

"ከታናሽ ወንድምህ ተበደር!"

"ይህን ባውቅ ዓመቱን ሙሉ እረብሽ ነበር" አለ አንዱ፣ በቁጭት እጁን እያፋተገ።

በመጨረሻ ሞተር ክቡን ሰብሮ ወጣና ተንጎራደደ። "እትዬ፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።"

"ጣሪያው እኮ አለ፣ ልጄ።"

"መለስኩታ!"

ጠበቃዋ ተከተለችው። "በዓለም ካርታው ላይ ያለውን ውቅያኖስ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ምሕረት ይደረግልኝ።" ሌላው የሒሳብ መምህሩን መኪና ዋጥሁ አለ፤ ሌላው ማክሰኞን ከሳምንቱ ውስጥ ደብቄያለሁ አለ። እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ውሸት መሆኑን ለማወቅ ርዕሰ መምህር መሆን አያስፈልግም። እየሳቁ ሊነሡ ሞከሩ፤ እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ መልሰው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ጭጭ የሚሏት ልጅ ከክቡ ወጣች። ጭጭ የክፍሉ አንደኛ ናት። ሽልማት ለመቀበል ካልሆነ የእትዬን ቢሮ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ስሟ ሲጠራ "አቤት" የምትለው እንኳ በእጅዋ ነው። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ፊታቸው ቆመች።

"እትዬ..."

"ወዬ፣ ልጄ።"

"እኔም አለብኝ።"

ሁሉም ዝም አለ። ሞተር እንኳ ጠፋ።

"አንቺ? ምን አድርገሽ?"

አሰበች። ልምድ እንደሌላት ያስታውቃል። "ደወሉን... በላሁት።"

"የቱን ደወል?"

"የትምህርት ቤቱን።"

"ዛሬ ጠዋት እኮ እኔው ራሴ ደውዬው ነው የመጣነው።"

"ከደወሉት በኋላ ነው።"

"ብረቱን?"

"ከነመምቻው" አለች ጭጭ፤ እንባዋ ዱብ አለ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት። የሰው ላጲስ ሳታስፈቅድ ነክታ የማታውቅ ልጅ፣ አንድ ነቁጥ የሌለበት ስሟን ለዚህች ቁራጭ ዳገት አቀረበች። እነዚህን ልጆች በጤና አስገብተው በጤና ማስወጣት እንጂ ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ለካ ትዝም ብሏቸው አያውቅም።

"ይህን ያህል ፈለግሽው?" አሉ ቀስ ብለው።

ጭጭ ራሷን ነቀነቀች።

እትዬ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና ድምፃቸውን አወፈሩ። "ከባድ ወንጀል ነው። ደወል የበላች ልጅ እንዲህ መንገድ ዳር አይፈረድባትም። ችሎቱ ላይ ነው። በይ እጄን ያዢኝ።"

"መግፋት ይቻላል?" ሲል ሞተር ከኋላ ጮኸ።

"ሕጉ አትቅደሙ አለ እንጂ አትግፉ አላለም!" አለች ጠበቃዋ።

ያ ዳገት እንዴት እንደተወጣ እትዬ ዛሬ ድረስ አስተካክለው መናገር አይችሉም። ጭጭ ከፊት ትስባለች፣ መምህርቷ ክንዳቸውን ደግፋለች፣ ከወገባቸው በታች ስንት ትናንሽ መዳፍ እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው። ቦርሳቸውን ማን እንደወሰደው አላዩም፤ አልጠየቁምም። "አንዴ! ደግሞ አንዴ! እትዬ አይዞን!" እየተባለ፣ እየተሳቀ፣ እየተንሸራተቱ፣ በመጨረሻ ከፊታቸው ዳገት የሚባል ነገር ጠፋና ነፋስ ፊታቸውን መታው።

"እትዬ አንደኛ ወጡ!" አለ አንዱ።

እውነትም አንደኛ ናቸው። በሕይወታቸው በእግራቸው ቀድመው የደረሱበት ቦታ አልነበረም። ልጆቹ በግራና በቀኛቸው ፈስሰው ወጡና አበዱ፤ ተንከባለሉ፣ ተቃቀፉ፣ ኮፍያ ወደ ሰማይ ወረወሩ፣ ሞተር በደስታ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል። መምህርቷ "ከገደሉ ጫፍ ራቁ! ከነጩ ድንጋይ ወዲህ!" እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ የቱ እንደሆነ ራሷም አልለየችውም።

ጭጭ ብቻ ከእትዬ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም።

"እትዬ... ቅጣቴስ?"

እትዬ ወገባቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። ልጆቹ ፍርዱን ሊሰሙ ተሰበሰቡ።

"ደወል የበላ ሰው ደወሉን የመተካት ግዴታ አለበት። ጩኺ።"

ጭጭ ዙሪያዋን አየች። "ምን ብዬ?"

"የፈለግሽውን።"

አየር ሳበች። "ደረስን" አለች፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ።

"አልሰማሁም።"

"ደረስን።"

"ሹፌሩ አልሰማም።"

ጭጭ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጡጫዋን ጨበጠች፣ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ አሰባስባ "ደረስን!" አለች። ድምፁ ወጥቶ ሄደ። ሄዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ከወዲያኛው ተራራ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ፤ ደረስን... ረስን... ስን።

አምስተኛ ክፍል አፉን ከፍቶ ቀረ። ጭጭ ዓይኗን ገለጠች። ያ ሁሉ ድምፅ የእሷ መሆኑን ለማመን እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከጣቶቿ መሃል ሳቅ ፈነዳ።

ዕድሜ ልካቸውን "ዝም በሉ፣ አትጩኹ" ሲሉ የኖሩት እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸውን ጠረጉ።

"ድገሚው፣ ልጄ" አሉ።